የአንባብያን ጥያቄዎች፦ በጎች ሞቃቱን ወራት በተራራ ላይ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ናቸው፤ እርሱም የበግ መንጋዎች የሙቀቱን ወራት በከፍተኛ የተራራ ግጦሽ አሳልፈው ብርዱ ሲቃረብ ወደ ሜዳው የሚመለሱበት፣ ከስፔን እስከ ሂማላያ ድረስ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የተለመደው ወቅታዊ ጉዞ ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። በመልሶቻችን የተጠቀሱት ወራት የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ወቅቶች የተከተሉ ሲሆኑ፣ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጎች ወደ ተራራ የሚወሰዱት ሙቀት ለመሸሽ እንደሆነ ሁልጊዜ እሰማለሁ። እንዲህ ከሆነ በሜዳው ላይ ጥላና ውኃ ማዘጋጀት ይህን ሁሉ ድካም አያስቀርም ወይ?

መልስ፦ ሙቀቱ አንዱ ምክንያት መሆኑ እውነት ነው፤ ሱፍ የለበሰች በግ እርጥበት ባለው ሙቀት ስታለከልክ ትውላለች፣ መኖዋንም ትቀንሳለች። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ እርስዎ እንዳሉት ጥላና ውኃ ይበቃው ነበር። መንጋውን ወደ ላይ የሚስበው ከሁሉ በፊት የሣሩ ዕድሜ ነው።

ሣር ገና ቅጠሉን ሲዘረጋ ለስላሳና በፕሮቲን የበለጸገ ይሆናል፤ ከደረቅ ክብደቱ አንድ አምስተኛው፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። ዘንግ አውጥቶ፣ አብቦ ዘር መያዝ ሲጀምር ግን ፕሮቲኑ እየቀነሰ፣ አሰሩ እየበዛና እየጠነከረ ይሄዳል። በበግ ጨጓራ ውስጥ ሆነው መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ራሳቸው ፕሮቲን ስለሚያስፈልጋቸው፣ በመኖው ውስጥ ያለው መጠን ከ7 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል፤ የበላችው ሳይብላላ በጨጓራዋ ይቆያል፣ ሌላ ለመብላት ቦታ አይኖራትም፤ በመሆኑም በጓ ሆዷ ሞልቶ እያለ ትከሳለች። ከጥላ ሥር ቆማ ንጹሕ ውኃ ብትጠጣም ከዚህ አታመልጥም።

ከፍታ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በረዶው ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ ይቀልጣል፣ ሣሩም እርሱን ተከትሎ ተራ በተራ ይበቅላል፤ በግርድፉ ሲሰላ 1,000 ሜትር ከፍታ የሣሩን መብቀል አንድ ወር ገደማ ያዘገየዋል። የሜዳው ሣር አሽቶ ወደ ገለባነት በሚያዘነብልበት ሳምንት የመካከለኛው ተዳፋት ሣር ለጋ ነው፤ ያም ሲጎለምስ የጫፉ ገና ይጀምራል። መንጋው ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ሲወጣ አንዱን የልምላሜ ወቅት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቀምበታል ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት ብዙ ጊዜ የማይነገርለት የሜዳው ጥቅም ነው። መንጋው በሌለባቸው ወራት ከታች ያለው መሬት ለእርሻም ለድርቆሽም ይሆናል። በደቡብ ፈረንሳይ በአርል ከተማ አቅራቢያ ባለው የክሮ ሜዳ፣ በመስኖ የሚለማው ሣር በጎቹ አልፕስ ተራራ ላይ እያሉ ሦስት ጊዜ ይታጨዳል፤ ለአራተኛ ጊዜ የሚያቆጠቁጠውን ደግሞ ከተራራ የተመለሰው መንጋ ይግጠዋል። ያለ ተራራው ይህ ሜዳ ያን ሁሉ በግ ዓመቱን ሙሉ መቀለብ ባልቻለም ነበር።

ጥያቄ፦ መንጋው የሚወጣበትና የሚወርድበት የተቆረጠ ቀን አለ? የሚወስነውስ ማነው?

መልስ፦ በየአገሩ በልማድ የጸኑ ቀኖች አሉ፤ ይሁንና ቀኑ ሲደርስ ሣሩ ካልደረሰ አስተዋይ እረኛ ይጠብቃል። በረዶው እንደቀለጠ መሬቱ ውኃ ጠግቦ ስለሚርስ ሰኮና ይሰምጥበታል፤ ሣሩም በዚያን ጊዜ የሚያድገው በሥሩ ባጠራቀመው ስንቅ ስለሆነ፣ ገና ብቅ ሲል የተነጨ ሣር ስንቁን ጨርሶ ለዓመቱ ደካማ ሆኖ ይቀራል። በግ ከላም ይልቅ ወደ መሬት ጠጋ ብላ ስለምትግጥ ጉዳቷም በዚያው ልክ ነው። ሣሩ ቢያንስ አራት ጣት ያህል እስኪረዝም መጠበቅ፣ መሬቱም ሲረገጥ ውኃ የማይቋጥር መሆኑን ማረጋገጥ ከማንኛውም የቀን ቀጠሮ የተሻለ መመሪያ ነው።

ይህን በጋራ ሕግ ካጸኑት መካከል በሞሮኮ ከፍተኛ አትላስ ተራሮች የሚኖሩት የበርበር ማኅበረሰቦች ይጠቀሳሉ። አግዳል የሚሉት ሥርዓት የጋራውን ግጦሽ በጸደይ ወራት ለሁሉም ሰው ይዘጋዋል፤ በኡካይመደን ግጦሽ እገዳው በልማድ የሚነሣው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ከላይ ለጋው ሣር ይሻላል ካልነው ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ በእርግጥም መንጋው በዚህ ምክንያት የሣሩን ምርጥ ሳምንታት ያጣል። በምትኩ ግን ሣሩ አብቦ ዘሩን ያራግፋል፣ ግጦሹም ከዓመት ወደ ዓመት ራሱን ይተካል። ዝናብ በሚያጥርበት ተራራ ላይ ሣሩ ዘሩን እስኪያራግፍ መጠበቅ ትክክለኛ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በረዶ ቀልጦ በሚያጠጣው እንደ አልፕስ ባለ ተራራ ግን ይህን ያህል መዘግየት አያስፈልግም።

በአልፕስ ደግሞ ከሁሉ የሚያስደንቀው ከጣልያኑ የሽናልስ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ኦስትሪያው የኦትስ ሸለቆ የሚደረገው ጉዞ ነው። ጥቂት ሺህ በጎች በሰኔ አጋማሽ ገደማ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር በሚደርስ መተላለፊያ፣ በበረዶና በበረዶ ግግር ላይ አልፈው ይሄዳሉ፤ በመስከረም አጋማሽ በዚያው ይመለሳሉ። ሰኔ ላይ አዲስ በረዶ ከጣለ ሰዎች ቀድመው በእግራቸው እየረገጡ ዱካ ያወጣሉ፤ በጎቹም በዚያች ቀጭን ዱካ አንድ በአንድ ተሰልፈው ይከተላሉ። ስለዚህ የግጦሽ መብት የሚናገር ሰነድ ከ1415 ጀምሮ አለ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሁለቱ ሸለቆዎች መካከል የአገር ድንበር ቢሰመርም መብቱ አልተሻረም። በ1991 ኦትሲ የተባለው ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተ ሰው አስከሬን ከበረዶ ውስጥ የተገኘውም ከዚሁ መተላለፊያ ብዙ ሳይርቅ ነው።

የመውረጃውን ጊዜ በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ሣሩ ሲነጣና ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን በጎቹ ራሳቸው ማለዳ ማለዳ ወደ ታች ማዘንበል ይጀምራሉ፤ ያን አይቶ የማይነሣ እረኛ በረዶ ይቀድመዋል።

ጥያቄ፦ በፊልም እንዳየሁት ብዙ መቶ በጎች በትልቅ ከተማ ጎዳና ላይ መኪና አስቁመው ያልፋሉ። ይህን መብት ከየት አገኙት? ዛሬስ በጭነት መኪና መውሰዱ አይሻልም?

መልስ፦ ያዩት ማድሪድን ሳይሆን አይቀርም። በስፔን ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በ1273 ሜስታ ለተባለው የበግ ባለቤቶች ማኅበር መንጋን ከደቡብ ወደ ሰሜን ተራሮች የማመላለስና በመንገድ ላይ የማሰማራት መብት ሰጠ። የታላላቆቹ የመንጋ መንገዶች ስፋት 90 ቫራ፣ በዛሬው መለኪያ 75 ሜትር ገደማ እንዲሆን ተደነገገ። ይህን ያህል መስፋቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንጋው እየሄደ ስለሚበላ መንገዱ ራሱ ረጅም የግጦሽ መሬት መሆን ነበረበት። ሜስታ ለዘመናት በገበሬው ላይ ክንዱን አበርትቶ ቆይቶ በ1836 ፈረሰ፤ መንገዶቹ ግን ሳይጠፉ ቀሩ። በ1995 የወጣው የስፔን ሕግ የሕዝብ ሀብት ስለሆኑ አይሸጡም፣ አይለወጡም ብሎ አጽንቷቸዋል፤ ርዝመታቸውም በአጠቃላይ 125,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ይገመታል። ከ1994 ወዲህ በጸደቀው ልማድ እረኞች በየመጸው መንጋቸውን በማድሪድ መሐል ነድተው ያሳልፋሉ፤ በ1418 በተደረገው ስምምነት መሠረትም ለየሺሁ በግ 50 ማራቬዲ፣ ማለትም ከተረሳ ዘመን የቆየውን ሳንቲም፣ ለከተማው ሹማምንት ይከፍላሉ። ክፍያው ለወግ ነው፤ መብቱ ግን እውነተኛ ነው።

በደቡብ ጣልያን የነበረው ሥርዓት ደግሞ በስፔኑ አምሳያ ተቀርጾ ለሌላ ዓላማ የዋለ ነው። የአራጎኑ አልፎንሶ ናፖሊን ሲገዛ በ1447 የበጎች ጉምሩክ አቋቋመ፤ የአብሩትሶ ተራራ መንጋዎች ብርዱን በፑልያ ሜዳ እንዲያሳልፉ አስገድዶ ለግጦሹ ያስከፍላቸው ነበር። መንገዶቹ 111 ሜትር ስፋት ነበራቸው፤ ከላኩዊላ እስከ ፎጃ ያለው ብቻ 244 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሥርዓቱ የተሻረው በ1806 ነው። የስፔኑ ሕግ ለበጉ ባለቤት ሲያደላ የናፖሊው ለንጉሡ ግምጃ ቤት ያደላ እንደነበር፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው።

ወደ ጭነት መኪናው እንመለስ። በፈረንሳይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ በባቡር፣ ከ20ኛው አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በአብዛኛው በጭነት መኪና መሄድ ተለምዷል። መንጋ በእግሩ በቀን ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ሁለት ሳምንት ይፈጅ የነበረው መንገድ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለግልገሎችና ለተዳከሙ እናቶች መኪናው ያለ ጥርጥር ይሻላል። ነገር ግን በእግሯ የሄደች በግ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተለወጠ የሚሄድ ሣር ስትበላ፣ ጨጓራዋም ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ በመኪና የደረሰችው ግን ማታ ድርቆሽ በልታ ጠዋት ለምለም ሣር ላይ ትወርዳለች፤ የሚከተለውን ችግር ስለ በሽታ በተጠየቀው ጥያቄ ሥር እናየዋለን። መንገዱ ከአንድ ሳምንት የማይበልጥ፣ ሣርና ውኃም ያለው ከሆነ በእግር እንዲሄዱ እመክራለሁ። ዩኔስኮ በ2019 ይህን ጉዞ በኦስትሪያ፣ በግሪክና በጣልያን ስም ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል መዝግቦት በ2023 ደግሞ ወደ አሥር አገሮች አስፍቶታል፤ መዝገቡ ግን መንገድ አያስከፍትም፤ መንገድ የሚያስከፍተው የስፔኑን የመሰለ ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ እናት በጎች ያረገዙ ወይም ግልገል የሚያጠቡ ሆነው ይህን ሁሉ መንገድ እንዴት ይችሉታል?

መልስ፦ የአወላለዱ ዘመን ከጉዞው ጋር አብሮ የሚታቀድ ነው። የበግ እርግዝና አምስት ወር ገደማ፣ በአማካይ 147 ቀን ነው። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉ ብዙ መንጋዎች አውራው ከእናቶቹ ጋር የሚቀላቀለው በሚያዝያና በግንቦት ስለሆነ፣ በሰኔ ወደ ተራራ የምትወጣው እናት እርግዝናዋ ገና ለጋ ነው፤ ሸክሟ ቀላል፣ የምትፈልገውም ምግብ ጥቂት ነው። ፅንሱ ከመወለጃ ክብደቱ ሰባ በመቶ ያህሉን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው፤ እነዚህ ሳምንታት ከመውረጃው ጋር ስለሚገጥሙ እናቲቱ ከተራራ የምትነሣው ከብዳ ነው፤ እንድትወልድ የሚጠበቀውም የመጸው ዝናብ የሜዳውን ሣር ዳግመኛ ባለመለመበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥርዓት አወራረዱ ከአወጣጡ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ርቀቱ ይቀነሳል፣ ማረፊያው ይበዛል።

ይህ ግን ለሁሉም ዝርያ አይሆንም። የቀዝቃዛ አገር በጎች በአብዛኛው አውራ የሚቀበሉት ቀኑ እያጠረ ሲሄድ፣ በመጸው ነው፤ ሜሪኖ የተባለው የበግ ዝርያና የእርሱ ዘመዶች ናቸው ከዚህ ወቅት ውጭ በቀላሉ የሚጸንሱት። ስለዚህ በሰሜን ግልገሎቹ በመጋቢትና በሚያዝያ ተወልደው ሣር ማመስኳት ከጀመሩ በኋላ ከእናቶቻቸው ጋር ይወጣሉ። ግልገሉ ቢያንስ ሁለት ወር ሳይሞላው ባይነሣ ይመረጣል።

ከመነሣት በፊት የሚደረገውን ሽለታም አብረን እናንሣው። ከመውጣታቸው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ መሸለት ይገባል። ትናንት ተሸልታ ዛሬ ወደ ተራራ የተነዳች በግ የሰኔ በረዶ ዝናብና ነፋስ አንድ ላይ ከመጡባት እስከ ማለዳ ላታድር ትችላለች፤ ይህ ኪሳራ ከጥቂት ሳምንታት ዕቅድ በስተቀር ሌላ መድኃኒት የለውም።

ጥያቄ፦ ጥቂት በጎቼን ከሌሎች ሰዎች መንጋ ጋር ቀላቅዬ ወደ ጋራ ግጦሽ ልልክ አስባለሁ። በሽታ ይዘው ይመለሱብኝ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ በአንጻሩ ደግሞ ጤነኛ ሆነው የሚመለሱበት ምክንያትም አለ። ዋናው የሆድ ትል ነው። ሄሞንከስ የተባለው ደም መጣጭ የጨጓራ ትል አንዲቷ ሴት በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ በሞቃትና እርጥብ መሬት ላይ በሳምንት ገደማ ወደሚያጠቃ እጭነት ያድጋል። በቀዝቃዛው ተራራ ላይ ይህ ዕድገት ይዘገያል፤ በሜዳው የቀሩት እጮች ደግሞ የሚገቡበት በግ ሲያጡ በሙቀቱ ወራት በብዛት ያልቃሉ።

ነገር ግን እዚህ ላይ የብዙዎች ስሕተት አለ። ለበጎች ሁሉ የትል መድኃኒት ሰጥቶ በዚያው ቀን ወደ ንጹሕ ግጦሽ መውሰድ የጥንቃቄ ሥራ ይመስላል። ከመድኃኒቱ ተርፈው በበጓ ሆድ የሚቀሩት ትሎች ግን መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ብቻ ናቸው፤ ንጹሑ ግጦሽ ላይ የሚወድቀውም የእነርሱ እንቁላል ብቻ ይሆናል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር መድኃኒቱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ደልደል ያሉና ጤነኛ የሆኑ ጥቂት እናቶችን ሳያክሙ መተው፣ ወይም መድኃኒቱን ሰጥቶ ጥቂት ቀናት በድሮው ግጦሽ ማቆየት የመድኃኒቱን ዕድሜ ያራዝማል።

በመቀላቀል የሚተላለፈው ክፉው በሽታ የሰኮና ብስባሽ ነው። ተሕዋሱ ከሰኮና ወጥቶ በመሬት ላይ ከሁለት ሳምንት ገደማ በላይ አይቆይም፤ በታመመ ሰኮና ውስጥ ግን ለወራት ተደብቆ ይኖራል። ስለዚህ ባዶ የነበረው ተራራ ንጹሕ ነው፤ በሽታውን ወደዚያ የሚያወጣው በግ ነው። ከመነሣትዎ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው የእያንዳንዷን በግ አራት እግር እያነሡ በሰኮናው ጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ ይመልከቱ፤ ቀልቶ፣ ረጥቦ ወይም ክፉ ሽታ ኖሮት ካገኙት፣ የምታነክሰውን ለይተው ያስቀሩ፤ የቀሩትንም 10 በመቶ በሆነ የዚንክ ሰልፌት ውኃ ውስጥ አቁመው ያሳልፉ። ከሁሉ በላይ ግን ሌሎቹ ባለቤቶችም ይህንኑ ማድረጋቸውን ሳያረጋግጡ አይቀላቅሉ፤ በጋራ ግጦሽ ላይ የአንድ ሰው ቸልተኝነት የሁሉም ነው።

በመጨረሻም ከድርቆሽ ወደ ለምለም ሣር በድንገት መሻገር በአንጀት ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ ከመጠን በላይ እንዲራባና መርዝ እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከሁሉ የወፈረው ግልገል ነው። ለዚህ ክትባት አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ በጎች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መከተብ ስላለባቸው፣ ከመውጫው ሁለት ወር ቀደም ብለው የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ በተራራ ላይ የበቀለ ተክል በልታ አንድ ዓይን ያለው ግልገል የወለደች በግ አለች ሲባል ሰምቼ ተረት መስሎኝ ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ አንዲት በግ ብቻም አይደለችም። በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት ተራሮች ላይ ከሚሰማሩ መንጋዎች በግንባራቸው መሐል አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው ግልገሎች ይወለዱ ነበር። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ባደረጉት ክትትል መንሥኤው ቬራትረም የተባለ፣ በእርጥብ የተራራ መስክና በጅረት ዳር የሚበቅል፣ ሰፋፊና የተሸበሸበ ቅጠል ያለው ረጅም ተክል መሆኑን ደረሱበት። የሚገርመው የቀኑ ነገር ነው፤ ግልገሉ በዚህ መልክ የሚጎዳው እናቲቱ ተክሉን በጸነሰች በ14ኛው ቀን ገደማ ከበላችው ነው። ከዚያ ቀደም ብላ ወይም ዘግይታ ብትበላ ጉዳቱ ሌላ ነው፣ ወይም የለም።

በተክሉ ውስጥ ያለው ሳይክሎፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር፣ በፅንሱ ላይ አንድ ሆኖ የሚጀምረውን የዓይን ሥፍራ ለሁለት እንዲከፈል የሚያዝዘውን የሕዋሳት መልእክት ይዘጋዋል። ይኸው መልእክት በአንዳንድ የቆዳ ካንሰር ላይ ከልክ በላይ ሲሠራ ስለተገኘ፣ እርሱን የሚዘጋ መድኃኒት በ2012 በአሜሪካ ተፈቅዶ ለሕክምና ውሏል፤ የእረኞች መከራ እንዲህ ወደ ሆስፒታል ይደርሳል ብሎ ማን ይገምት ነበር!

ለባለ በጉ የሚጠቅመው ግን ቀላሉ ነው፦ አውራው ከመንጋው ጋር ባለባቸው ሳምንታት፣ እንዲሁም ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት መንጋው ይህ ተክል ወደሚበዛበት ረግረግ አይውረድ። ጠንካራ ውርጭ ተክሉን ካደረቀው በኋላ አደጋው ይቀንሳል። ከዚህ በተረፈ አብዛኛው የመርዝ አደጋ የሚደርሰው የተራበ መንጋ እንደደረሰ ያገኘውን ሁሉ ሲነጭ ስለሆነ፣ ከመውጣቱ በፊት ሆዱን ሞልቶ እንዲደርስ ማድረግ ብዙ ያድናል።

ጥያቄ፦ ተኩላና ድብ ባለበት ተራራ ላይ አንድ እረኛ ሺህ በግ እንዴት ይጠብቃል?

መልስ፦ ብቻውን አይጠብቅም። በፈረንሳይ አልፕስ አንድ እረኛ እስከ 2,000 በግ ይዞ መገኘቱ የተለመደ ሲሆን፣ ሥራው የተቻለው በሁለት ዓይነት ውሾች ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ደግሞ የጀማሪ ስሕተት ነው። አንደኛው መንጋውን የሚነዳው ቀልጣፋ ውሻ ነው፤ የእረኛውን ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛው እንደ ፒሬኔ፣ እንደ ስፔን ማስቲፍና እንደ ቱርኩ ካንጋል ያለው ግዙፍ ጠባቂ ነው፤ ይህ ከቡችላነቱ ጀምሮ በጉሮኖ ውስጥ ከግልገሎች ጋር ስለሚያድግ በጎቹን እንደ ወገኑ ይቆጥራል፤ ትእዛዝም ብዙ አይጠብቅም። በተኩላ አገር አንገቱ ላይ ሹል ብረት ያለው ማነቂያ ይታሰርለታል። በፈረንሳይ ተኩላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጠፍቶ ቆይቶ በ1992 ከጣልያን ተሻግሮ ሲመጣ፣ ብዙዎቹ የአልፕስ እረኞች ጠባቂ ውሻ ማሳደግን ከእንደገና መማር ነበረባቸው።

አውሬው ከሚበላው ይልቅ የሚያስደነግጠው ይብሳል። በሐምሌ 2017 በፒሬኔ ተራሮች፣ በፈረንሳይና በስፔን ወሰን ላይ፣ ከድብ የሸሹ ከ200 በላይ በጎች ተያይዘው ከገደል ወድቀው አልቀዋል። ማታ ማታ መንጋውን ከገደል በራቀ ሜዳ ላይ በአጥር ማሳደር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጉም ሲወርድ ደግሞ የሚያድነው ቃጭል ነው፤ በክሮ መንጋዎች ፊት የሚሄዱት ትልቅ ቃጭል ያንጠለጠሉ ሙክት ፍየሎች ናቸው፤ በጎቹ ባያዩአቸውም ድምፃቸውን ተከትለው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ የበግ ግጦሽ ተራራን ያራቁታል ይባላል። ታዲያ ለምን ይበረታታል?

መልስ፦ ያለ እረኛ የተለቀቀ መንጋ ያራቁታል። በጎች ሌሊቱን ከፍ ባለ ሸንተረር ላይ ማሳለፍ ስለሚወዱ፣ ዝም ከተባሉ ሣሩ ስስ የሆነውን ጫፍ ደጋግመው ይረግጣሉ፣ ፋንድያቸውንም እዚያው ያከማቻሉ፤ ታችኛው ተዳፋት ደግሞ ሳይጋጥ ቁጥቋጦ ይውጠዋል። ያው ተራራ በአንድ ጊዜ ከላይ ተራቁቶ ከታች ዳዋ ለብሶ ይታያል። የእረኛው ዋና ሥራ ይህን ማስተካከል ነው።

ጨርሶ መተውም ጉዳት አለው። ያልተጋጠ ረጅም ሣር በመጸው ተኝቶ ሲለሰልስ በላዩ የሚከመረው በረዶ በቀላሉ ይንሸራተታል። ከዚህም ሌላ በጎች ዘር ተሸካሚ ናቸው፤ በ1990ዎቹ በጀርመን በተደረገ ጥናት በአንዲት በግ ሱፍ ላይ በአንድ የግጦሽ ወቅት ከ80 በላይ የተክል ዓይነቶች ከ8,000 በላይ ዘሮች ተገኝተዋል፤ በስፔን የተደረገ ሌላ ጥናትም በሱፍ የተያዘ ዘር በእግር በሚጓዝ መንጋ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አሳይቷል። በጭነት መኪና የሚጓዝ መንጋ ይህን አገልግሎት በመንገዱ ላይ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ እረኞች ጨው በድንጋይ ላይ የሚያስቀምጡት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የተራራ ሣር ሶዲየም ስለሚያንሰው አንዲት ትልቅ በግ በቀን 10 ግራም ያህል ጨው ብታገኝ ይጠቅማታል። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው አፈር እንዳይጠጣውና በጎቹ አፈሩን እንዳይቆፍሩ ነው። ቦታው ከውኃ ራቅ ያለ፣ ብዙም ያልተጋጠ ተዳፋት ይሁን፤ መንጋው ለጨው ሲል ወደዚያ ይሄዳልና እግረ መንገዱን የተረፈውን ሣር ይግጠዋል። ጨው ለረጅም ጊዜ ያጣ መንጋ መጀመሪያ ውኃ ይጠጣ፣ ከዚያም በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ለከብት የተዘጋጀውን የማዕድን ጨው ግን ለበግ አይስጡ፤ በውስጡ ያለው መዳብ ለላም የሚስማማ ቢሆንም በበግ ጉበት ውስጥ እየተጠራቀመ ይገድላታል።